የአፈር ምስክር፤ ስለ ሃይድሬንጂያ አበባና ስለ ቀለሙ መለወጥ



የሰኔ ወር ገብቶ ቀኑ ሲረዝም፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት ከተሞች፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ ከሥራ ወደ ቤቱ በእግሩ የሚመለስ ሰው፣ የሰው ራስ የሚያህል አበባ ተሸክሞ ወደ መሬት የጎበጠ ቁጥቋጦ በየደጃፉ ሳያይ አንድ መንገድ አያልፍም። ቅጠሉ ሰፊ ሆኖ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ የተሸረካከተ ነው፤ አበባውም ከብዙ ትናንሽ አበቦች ተሰብስቦ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ነው፤ ቀለሙ ግን በአንዱ ቤት እንደ መስከረም ሰማይ ሰማያዊ፣ አጥር ብቻ በሚለየው በሁለተኛው ቤት ሮዝ፣ ከማዶ ባለው በሦስተኛው ቤት ደግሞ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። የዚህ ተክል ስም ሃይድሬንጂያ ይባላል፤ ዛሬ በተመደበልን ጊዜ የምንነጋገረውም፣ ዘሩ አንድ ሆኖ ሳለ ኅብረ ቀለሙ እንደ ተተከለበት ስፍራ ስለሚለዋወጥበት ምክንያት፣ እንዲሁም በጓሯችን ስንተክለው ልናደርግለት ስለሚገባን ጥንቃቄ ነው።

ወደዚህ ነገር ያመጣኝ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ፣ በአንድ እሑድ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ጠበል ጻዲቅ ሲቀምስ ሳለ፣ እኚህ እናት በእጃቸው ጠቅሰው ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ በሬዲዮ ስለ አትክልት የምትናገረው አንተ ነህ አይደል? ሰማያዊ አበባ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ በመጀመሪያው ዓመት እውነትም ሰማያዊ ነበር፤ በዓመቱ ወደ ወይን ጠጅ ሄደ፤ ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ምነው አሮጊት ሴት እንዲህ ያታልላሉ?» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ ተክሉ ያው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የቆመበትን ቦታ በዓይኔ ሳላይ ፍርድ አልሰጥም» ብዬ በሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ቁጥቋጦው በእንክብካቤ ያደገ፣ ቅጠሉም የለመለመ ነበር፤ የቆመው ግን ቤቱ ሲታደስ በተሠራው በአዲሱ የሲሚንቶ ደረጃ ሥር፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። መልሱ ከዚያው ነበረ፤ ለእርሳቸው ደጃፍ ላይ ቆሜ በአጭሩ የነገርኳቸውን ለእናንተ ግን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

ሃይድሬንጂያ የሚባለው ወገን ብዙ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ቀለሙን የሚለውጠው ባለሰፊ ቅጠሉ ዝርያ የጥንት አገሩ የጃፓን የባሕር ዳርቻ ነው። ጃፓኖች «አጂሳይ» ይሉታል፤ የሚያብበውም የዝናም ወራታቸው ከእኛው ክረምት ጋር በሚገጥምበት በሰኔ ስለ ሆነ፣ በጥንታዊቷ የካማኩራ ከተማ ሜይጌትሱ-ኢን በተባለው የቡድሃ ገዳም ደረጃዎች ግራና ቀኝ የተተከለውን ሰማያዊ አበባ ለማየት፣ ሕዝቡ ጃንጥላውን ይዞ በዝናም ውስጥ ይሰለፋል። የዚያ አገር አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ዐመድ የተገኘና ብዙ ዝናም ያጠበው በመሆኑ ወደ ኮምጣጣነት፣ ይኸውም ወደ አሲዳማነት ያዘነበለ ነው፤ በዚያ ሰማያዊው የበዛበትን ምክንያት ጥቂት ቆይተን ስንደርስበት ይህን አስታውሱልኝ።

ወደ ኤውሮጳ የተሻገረበትም ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። ስዊድናዊው ሐኪምና የዕፀዋት ሊቅ ካርል ፔተር ቱንበርግ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1775 ጃፓን ደርሶ፣ ተክሉን በ1784 ስለ ጃፓን ዕፀዋት ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል፤ በ1789 ደግሞ ሰር ጆሴፍ ባንክስ ከቻይና የመጣውን ለንደን አጠገብ ባለው በኪው የንጉሥ አትክልት ሥፍራ እንዲተከል አድርጓል። ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ፍራንዝ ፎን ዚቦልት የተወልን ነው። ጃፓን ለባዕዳን በሯን ዘግታ በነበረችበት ዘመን፣ በ1823 በናጋሳኪ ወደብ ዴጂማ በምትባል ትንሽ ሰው ሠራሽ ደሴት ለሆላንድ ነጋዴዎች ሐኪም ሆኖ የገባው ይህ ሰው፣ ኩሱሞቶ ታኪ ከተባለች ጃፓናዊት ጋር ትዳር መሥርቶ፣ ኢኔ የተባለች ልጅ ወለደ፤ ነገር ግን የተከለከለ ካርታ ይዞ ተገኘ ተብሎ በ1829 ከአገር ሲባረር እናትና ልጅን ትቶ ለመሄድ ተገደደ። ወደ ኤውሮጳ ተመልሶም ስለ ጃፓን ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ ለአንዱ ሃይድሬንጂያ «ኦታክሳ» የሚል ስም ሰጠው፤ ይህም በአክብሮት «ኦታኪ-ሳን» ብሎ ይጠራት የነበረው የታኪ ስም ነው። በዕፀዋት ሊቃውንት ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና የእርሱ ስያሜ በሳይንሱ መዝገብ አልቆየም፤ የናጋሳኪ ከተማ ግን እስከ ዛሬ ይህንኑ አበባ የከተማ ምልክቷ አድርጋ ይዛዋለች፤ ልጂቱ ኢኔም አድጋ የምዕራባውያንን ሕክምና ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ጃፓናውያን ሴቶች አንዷ ሆነች።

ስሙን ካነሣን አይቀር፣ «ሃይድሬንጂያ» የሚለው ቃል ከሁለት የግሪክ ቃላት የተጋጠመ ሲሆን፣ አንዱ ውኃ ሌላው ዕቃ ማለት ነው፤ የዘሩ መያዣ ፍሬ ትንሽ የውኃ ማድጋ ስለሚመስል የተሰጠው ነው።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባን፣ እኛ አበባ ብለን የምናደንቀው ባለቀለሙ ክፍል እውነተኛው አበባ አለመሆኑን ነው፤ እርሱ በሌሎች ዕፀዋት ዘንድ እምቡጡን ታቅፎ የሚጠብቀውና አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው የውጭ ሽፋን ሲሆን፣ በዚህ ተክል ግን ሰፍቶና ቀለም ለብሶ ይወጣል፤ እውነተኛዎቹ አበቦች በመካከል የጤፍ ነዶ ጫፍ ይመስል ተሸሽገው የሚገኙት እጅግ ጥቃቅኖች ናቸው። በዚህ ሽፋን ውስጥ የሚገኘው ማቅለሚያ ዴልፊኒዲን ከሚባለው የመጣ ሲሆን፣ አስደናቂው ነገር ማቅለሚያው በሰማያዊውም በሮዙም አበባ ውስጥ ያው አንዱ መሆኑ ነው። ከእርሱ ጋር የሚተባበር ሌላ አሲድ በሕዋሱ ውስጥ አለ፤ የዚህ አሲድ ቤተሰብ በቡና ፍሬ ውስጥም በብዛት ስለሚገኝ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሦስተኛ ሆኖ አሉሚኒየም ከሁለቱ ጋር በገጠመ ጊዜ ሦስቱ ተያይዘው ሰማያዊ ቀለም ያወጣሉ፤ አሉሚኒየም ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ ማቅለሚያው በራሱ ጠባይ ሮዝ ሆኖ ይኖራል፤ ጥቂት ብቻ የደረሰው ደግሞ ሐምራዊ ይሆናል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያረፈው አሉሚኒየም ከአፈሩ ወደ ተክሉ በመድረሱና ባለመድረሱ ላይ ነው። አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብረታ ብረት ሁሉ በብዛት የመጀመሪያውን ቦታ የያዘ፣ ከቅርፊቱም ክብደት 8 በመቶ ያህል የሆነ ንጥረ ነገር ስለ ሆነ፣ በማናችንም ጓሮ ውስጥ አይታጣም፤ ነገር ግን በሸክላው ውስጥ ታስሮ ይኖራልና አፈሩ አሲዳማ ካልሆነ በውኃ ሟሙቶ ወደ ሥር አይገባም። የአፈርን አሲድነት ሊቃውንቱ የሚመዝኑት ፒ ኤች በሚባል ልክ ነው፤ 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች የወረደው አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ የወጣው ኖራ ያለበት አፈር ነው፤ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ስንወርድም አሲድነቱ አሥር እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። አፈሩ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን አሉሚኒየሙ ይፈታል፣ አበባውም ሰማያዊ ይሆናል፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አሉሚኒየሙ ተመልሶ ይታሰራል፣ አበባውም ሮዝ ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ የሐምራዊና የድብልቅ ነው። በትምህርት ቤት ሊትመስ የተባለውን ወረቀት አሲድ ውስጥ የነከረ ተማሪ ወረቀቱ ቀይ ሲሆን እንዳየ ያስታውሳልና፣ እዚህ ነገሩ የተገላበጠ ሊመስለው ይችላል፤ ሃይድሬንጂያን ሰማያዊ የሚያደርገው ግን አሲዱ በራሱ ሳይሆን አሲዱ የፈታው አሉሚኒየም ስለ ሆነ ግራ ሊጋባ አይገባም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። በምዕራብ ወለጋ፣ በአዊና ብዙ ዝናም በሚወርድባቸው በሌሎችም ደጋ አገሮች፣ ለብዙ ዘመን የታረሰው ቀይ አፈር በዝናም ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል፤ በዚያም ይኸው የተፈታ አሉሚኒየም የገብሱንና የስንዴውን ሥር ጫፍ እየጎዳ እንዳያድግ ስለሚያደርገው፣ ገበሬው ምርቱ እያነሰበት በማሳው ላይ በኩንታል የሚቆጠር ኖራ ለመበተን ተገድዷል። ሃይድሬንጂያ ይህን ሌላው ዕፅ የሚታመምበትን ንጥረ ነገር እንዴት ተሸክሞ ይኖራል ብለው የመረመሩት ሊቃውንት፣ ተክሉ አሉሚኒየሙን በሎሚ ውስጥ ከሚገኘው ከሲትሪክ አሲድ ጋር አስተሳስሮ ጉዳት እንዳያደርስ ካደረገ በኋላ በቅጠሉ ውስጥ እንደሚያከማቸው አገኙ፤ የሻይ ተክልም እንዲሁ አሉሚኒየምን የመሸከም ችሎታ አለው። በጓሯችን ለውበት የምንፈልገው ሰማያዊ ቀለምና በአገራችን ደጋ የገበሬው የእንጀራ ጉዳይ በአንድ የአፈር ጠባይ የተሳሰሩ መሆናቸውን ስረዳ፣ አፈርን ማጥናት ለሁላችንም የተገባ ሥራ እንደ ሆነ አምናለሁ።

ወደ እማማ ደረጃ እንመለስ። ሲሚንቶ ከኖራ ድንጋይ የሚሠራ በመሆኑ፣ በተለይ አዲስ የሆነ እንደ ሆነ፣ ዝናም በመታው ቁጥር ኖራውን እየለቀቀ በአጠገቡ ያለውን አፈር ከአሲዳማነት ወደ ሌላው ወገን ይወስደዋል። ተክሉ ከነጋዴው ዘንድ ሲመጣ ሥሩ የነበረበት አፈር ተዘጋጅቶለት ነበርና በመጀመሪያው ዓመት በዚያ ስንቅ ሰማያዊ አበባ አበበ፤ ሥሩ ከዚያ ወጥቶ በደረጃው ሥር ሲዘረጋ ግን አዲሱ አፈር የነገረውን መሰከረ። ሻጩን በዚህ ልንወቅሰው አይገባም።

ቀለሙን ለመምራት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አፈሩን ያስመርምር። ከአንድ ክንድ ባነሰ ጥልቀት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ከአራት ከአምስት ቦታ ጥቂት ጥቂት አፈር አንሥቶ መቀላቀልና መላክ ነው፤ በቨርጂኒያ የምትኖሩ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይህን ይሠራላችኋል። ነገር ግን ከግድግዳው ሥር የተወሰደውን ከሜዳው ከተወሰደው ጋር አትቀላቅሉ፤ ሁለቱ የተለያዩ አፈሮች ናቸው።

ሰማያዊ የሚፈልግ ሰው አሉሚኒየም ሰልፌት የተባለውን ጨው ከአትክልት መደብር ገዝቶ፣ 4 ሊትር በሚጠጋ ውኃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ አሟሙቶ፣ ቅጠሉ ማቆጥቆጥ በጀመረበት በጸደይ፣ መሬቱን አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ካራሰ በኋላ በሥሩ ዙሪያ ያፈስሳል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ጨቅላ ተክል ይህ አይሰጥ፤ መጠኑን ያበዛም እንደ ሆነ ሥሩን ያቃጥላል። የማይቸኩል ሰው ድኝ ቢበትን ከወራት በኋላ ያው ውጤት ይመጣለታል፤ ሲያዳብርም ፎስፈረስ የበዛበትን ማዳበሪያና የአጥንት ዱቄትን ይተው፤ ፎስፈረስ አሉሚኒየሙን ያስረዋልና። ሮዝ የሚፈልገው ደግሞ በመጸው ኖራ ይበትን፤ ነገር ግን ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ተክሉ ብረት ከአፈሩ ማግኘት ስለሚያቅተው፣ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ ሳለ መካከሉ ቢጫ ይሆናል። የተገለጠው አበባ በአንድ ሳምንት አይለወጥም፤ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ማሰሮ ውስጥ የተተከለው ግን አፈሩ ትንሽ ስለ ሆነ በቶሎ ይታዘዛል።

በበኩሌ በየወሩ ጨው እያፈሰሱ አበባውን ወደ አንድ ቀለም ማስገደድን አልወደውም። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሸክላማ አፈር አብዛኛው በራሱ ወደ አሲዳማነት ያዘነበለ ነውና፣ ከሲሚንቶ ርቆ የተተከለ ተክል ያለ አንዳች ማባበያ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በአንድ ዘለላ ላይ ሰማያዊና ሮዝ ተቀላቅለው የሚታዩበት መካከለኛው አፈር ለእኔ ከሁሉ የሚያምረውን ይሰጣል።

ስለ ቡና አተላ ብዙ እናቶች ጠይቀውኛል። እማማም ከሦስተኛው በረካ በኋላ የጀበናውን አተላ እያወጡ በዚያ ቁጥቋጦ ሥር ያፈስሱ ነበር፤ ሰማያዊ ያደርጋል ብለው ነግረዋቸው ነበርና። ነገር ግን የቡናው አሲድ የሚበዛው በሲኒ ተቀድቶ ስለሚጠጣ፣ የተረፈው አተላ ወደ መካከለኛው የተጠጋ ነው፤ አፈሩን እንደ ማንኛውም ብስባሽ ያለሰልሳል እንጂ የሲሚንቶን ኖራ የሚያሸንፍ ኃይል የለውም። የዛገ ምስማር መቅበርም ከጥንት የመጣ ልማድ ነው፤ ብረት ግን አሉሚኒየም ስላልሆነ ቀለሙን አይሰጥም።

ለአኗኗሩ የሚስማማው የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት በኋላ ጥላ ነው፤ ስለዚህ የቤቱ ምሥራቅ ጎን ከሁሉ ይመረጣል። በሐምሌ ሙቀት ቅጠሉ ዝልፍልፍ ብሎ ያየ ሰው ወዲያው ውኃ ለማፍሰስ አይሽቀዳደም፤ ማታ ተመልሶ ቀጥ የሚል ከሆነ የተጠማ አይደለም፤ ጣትን አፈሩ ውስጥ ከትቶ ደርቆ ሲገኝ ብቻ በጥልቀት ማጠጣት፣ ከዚያም ሥሩን በጥድ ቅርፊት ወይም በረገፈ ቅጠል መጎዝጎዝ ነው። አጋዘን ቅጠሉንና እምቡጡን ስለሚወድድ በጫካ አጠገብ የምትኖሩ አጥር አድርጉለት። ሕፃናትና ውሾች ግን ቅጠሉንም አበባውንም እንዳይበሉ ተጠንቀቁ፤ መርዝነት አለው።

ሁሉም ሃይድሬንጂያ ግን ይህን ትምህርት አይከተልም። ነጩ ማቅለሚያው ስለ ሌለው አሉሚኒየም ቢጨመርበት ነጭነቱን አይተውም፤ አናቤል የተባለው የአሜሪካ ተወላጅም፣ ቅጠሉ የባሉጥ ቅጠል የሚመስለው ዝርያም፣ ዘለላው እንደ ሾጣጣ የቆመው ዝርያም፣ ሲያረጁ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ቢሄዱ የዕድሜ ነገር ነው እንጂ የአፈር አይደለም።

ስለ መከርከም ደግሞ አጥብቄ መናገር አለብኝ። ባለሰፊ ቅጠሉ ሃይድሬንጂያ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ የሚፈጥረው ዘንድሮ ባደገው እንጨት ጫፍ ላይ፣ ከሐምሌ መጨረሻ አንሥቶ እስከ መስከረም ድረስ ነው። ስለዚህ የሚከረከመው አበባው እንዳለፈ ወዲያው፣ ሐምሌ ሳያልቅ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላውቅ በኅዳር ጓሮዬን ሳጸዳ ቁጥቋጦዎቼን ሁሉ ከጉልበት በታች ቆረጥኋቸው፤ በሚቀጥለው ሰኔ ቅጠሉ ተትረፍርፎ ወጣ፣ አንድ አበባ ግን አላየሁም፤ ዓመት ሙሉ ጠብቄ በማጣቴ ያዘንሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከመከር በኋላ የደረቀው አበባ ራሱ በግንዱ ላይ ቢቆይ ለታችኛው እምቡጥ ከውርጭ መከላከያ ይሆነዋል፤ በሚያዝያም ድንገተኛ ውርጭ ይመጣል ሲባል ሌሊቱን በአንሶላ መሸፈን ነው።

ከእማማ ጋር የተመካከርነው እንዲህ ነበር። ትልቁን ቁጥቋጦ ነቅሎ ማንሣት ለእርሳቸውም ለተክሉም ከባድ ስለ ነበረ፣ ከግድግዳው በራቀው ወገን ካለው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ አንዱን በሐምሌ ወደ መሬት አጎንብሰን፣ መካከሉን ጥቂት ፍቀን አፈር አለበስነውና ድንጋይ ጫንንበት። በተከታዩ ሚያዝያ ሥር ሰድዶ ስላገኘነው ከእናቱ ቆርጠን በምሥራቁ አጥር ሥር፣ ከደረጃው ሰባት እርምጃ ርቀን ተከልነው፤ አሉሚኒየምም ድኝም አልጨመርንለትም። ዘንድሮ በሰኔ ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ቶሎ ና» አሉኝ። እናቲቱ ከደረጃው ሥር እንደ ልማዷ ሮዝ ለብሳ ቆማለች፤ ከእርሷው ሥጋ የተከፈለችው ልጅ ግን በአጥሩ ሥር ሁለት ዘለላ አውጥታ፣ አንዱ ሐምራዊ፣ ሌላው ሊመሽ ሲል እንዳለ ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እማማም ከሁለቱ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘለላ ቆርጠው፣ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ከረከቦቱ አጠገብ አኑረው፣ ቡናውን ቆልተው ጠበቁኝ።